ስፖርት ጀምሮ አለማቋረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ እየተገናኘን ስፖርት የምንሠራ ሰባት ሰዎች ነን። ነርስ አለችን፣ የሒሳብ ሠራተኛ አለን፣ ጡረታ የወጡ አባት አሉን፤ አትሌት የለንም። ቱታ ለብሼ ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤት ያስቆመኛል፤ ቢሮ ሻይ ላይ የስፖርት ጥያቄ ይነሳል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር እጠየቃለሁ። ብዙዎቹ መጀመር አላቃታቸውም። ያቃታቸው መቀጠል ነው። ስለዚህ መልሶቼን እዚህ አንድ ላይ ጽፌአቸዋለሁ። "ስፖርት" የምለው በከተማችን አነጋገር ነው፤ እርምጃውንም፣ ዱብ ዱቡንም፣ ፑሽ አፑንም ይጨምራል።

ደጋግሜ እጀምራለሁ፣ በሁለት ሳምንት አቆማለሁ። ወኔ የለኝም ማለት ነው?

አይመስለኝም። ወኔ የሌለው ሰው መጀመሪያውንም አይነሳም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለን ወኔው በመጣበት ቀን የምናደርገው ነገር ነው። ሰው ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ከርሞ አንድ ቅዳሜ ይነሳና አንድ ሰዓት ሙሉ ይሮጣል። እሑድ እግሩ ይተሳሰራል፤ ሰኞ የቢሮውን ደረጃ የሚወርደው ግድግዳ ተደግፎ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ሕመሙ የሚብሰው በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ስለሆነ፣ ቀጣዩ የስፖርት ቀን ሲደርስ ሰውነት እምቢ ይላል። አንዴ እምቢ ካለ ደግሞ ሳምንቱ ያልፋል።

እኔም ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቁሜአለሁ። አንዴ የስድስት ወር የጂም ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፍዬ ከአምስት ሳምንት በላይ አልሄድኩም። ጂሙ ከቤቴም ከሥራዬም ሩቅ ነበር፤ ማታ የታክሲውን ሰልፍ ሳየው እግሬ በራሱ ወደ ቤት ያመራል። በአራተኛው የያዘልኝ ወኔዬ ስለጨመረ አልነበረም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ነገ 12 ሰዓት በእስጢፋኖስ በኩል ካለው ደረጃ ሥር እጠብቅሃለሁ" አለችኝ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ማንቂያው ሲጮኽ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስለ ጤናዬ አላሰብኩም። ያሰብኩት እሷ ብርድ ላይ ቆማ እንደምትጠብቀኝ ነው። ተነሳሁ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ሰዓቱን ቁረጡ፣ ቦታውን አቅርቡ፣ መጠኑን አሳንሱ፣ የሚጠብቃችሁ ሰው ይኑር። እነዚህ ካሉ ወኔ ባልመጣበት ቀንም ይሠራል።

21 ቀን ከተሠራ ልማድ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ስላስቆመ እሱን ብዙ ባላነሳው ደስ ይለኛል። መነሻው በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም የጻፈው ነው፤ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተውሎ ነበር። ከስፖርት ጋር አይገናኝም።

በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የተደረገና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በቀጥታ ልማድን ነው የለካው። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ነገር መርጠው ለ12 ሳምንት በየቀኑ ሞከሩ፤ አንዱ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣት፣ ሌላው ከራት በፊት መሮጥ። ነገሩ ሳይታሰብበት በራሱ የሚደረግ እስኪሆን ድረስ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። ስፖርት የመረጡት ውሃ መጠጣት ከመረጡት የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ በወር "አልለመደብኝም" የሚል ሰው የተለየ ችግር የለበትም፤ ገና መንገድ ላይ ነው። ከዚያው ጥናት እኔን ያበረታኝ ሌላ ነገር አለ፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም።

ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?

የሚሻለው የማይሰረቅባችሁ ሰዓት ነው። መሃል ከተማ ለሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይሆናል፤ 12 ሰዓት ላይ ስብሰባ የሚጠራ አለቃ የለም፣ ለቅሶ ቤት አይኬድም፣ እንግዳ አይመጣም። መንገዱም ገና በመኪና አልተሞላም። 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን በሜክሲኮና በስታዲየም መካከል የሚተነፈሰው የመኪና ጭስ ነው። ጠዋት ቁርስ አዘጋጅታ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ግን "ጠዋት ተነሺ" ብትባል መዘባበት ይሆንባታል። ለእሷ የምሳ ሰዓት 25 ደቂቃ እርምጃ ይበልጣል።

ሰዓቱን በልብ መያዝ ግን አይበቃም፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉት። በ2002 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በተማሪዎች ላይ የወጣ አንድ ጥናት ተሳታፊዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። ምንም ካልተነገራቸው ውስጥ በሳምንቱ አንድ ጊዜ ስፖርት የሠሩት 38 በመቶ ናቸው። ስለ ልብ ጤና አነቃቂ ጽሑፍ ያነበቡት ደግሞ 35 በመቶ፤ ማነቃቂያው ምንም አልጨመረም። ጽሑፉን አንብበው "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ እሠራለሁ" ብለው የጻፉት ግን 91 በመቶ ሠሩ። ማክሰኞ 12 ሰዓት፣ እስጢፋኖስ በኩል ካለው ደረጃ ሥር። እንዲህ ነው የሚጻፈው።

መስከረም 1 ልጀምር ብዬ ነበር...

መስከረም ጥሩ ወር ነው፤ ዝናቡ ይወጣል፣ ሰማዩ ይጠራል። አሁን የካቲት ከሆነ ግን መስከረምን አትጠብቁ፤ ማክሰኞ ቅርብ ነው።

በሳምንት ስንት ደቂቃ ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ ይላል። በዚያ ላይ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ነገር፤ ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ ወይም ብረት። መካከለኛና ጠንካራውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ብላችሁ ትንፋሽ ለመውሰድ ከቆማችሁ ጠንከር ብሏል።

150 ሲባል የሚደነግጥ ሰው አለ። ይኸው መመሪያ የቀድሞውን "ቢያንስ 10 ደቂቃ ያልተቋረጠ" የሚል ነገር አንስቶታል፤ አጫጭሩም ይቆጠራል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ከለገሃር የቸርችልን ዳገት በእግር ወደ ማዘጋጃ መውጣት፣ ሊፍት ትቶ በደረጃ መሄድ፣ ሁሉም ይደመራል። ለመጀመሪያው ወር ግን የደቂቃውን ድምር እርሱት። የመጀመሪያው ወር ሥራ በተባለው ቀን በተባለው ሰዓት መገኘት ነው። 15 ደቂቃ ተራምዳችሁ ብትመለሱም ተገኝታችኋል። መጠኑን ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማሳደግ ነው።

መሃል ከተማ ውስጥ የት ይሠራል?

እኔ ስለማውቀው ስለ መስቀል አደባባይ ላውራ። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ደረጃዎቹ ንጹሕ ናቸው። ረጃጅሞቹን ደረጃዎች ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እየሮጡ፣ ጫፍ ሲደርሱ አንድ ከፍ እያሉ፣ እንደገና ወደ መጡበት መመለስ የአደባባዩ የቆየ አሠራር ነው። ለጀማሪ የታችኛዎቹን ሦስት አራት ደረጃ በእርምጃ ማዳረስ ይበቃዋል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣቱን ለሁለተኛው ወር አቆዩት፤ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ጉልበት የሚጎዳው እዚያ ነውና በእርጋታ።

12 ሰዓት ላይ ስትደርሱ የእስጢፋኖስ ቅዳሴ ከዛፎቹ ኋላ ይሰማል። አፍ ላይ እንፋሎት ይታያል። ታች ሜዳው ላይ ፊሽካ የያዘ አሠልጣኝ ሃያ ሠላሳ ሰው አሰልፎ ኤሮቢክስ ያሠራል፤ ከኋላ ሆነው ቢቀላቀሉ የሚከለክል የለም፣ ሲያልቅ ግን ለአሠልጣኙ መክፈልን አትርሱ፣ እንጀራው ነው። ወደ 1 ሰዓት ገደማ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ይመጣል። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ፣ ጃኬቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ አይቻለሁ፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ለእሷ ብቻ በሹክሹክታ ነገራት። ያ ጨዋነቱ እስካሁን ደስ ይለኛል።

አደባባዩ ለደመራ፣ ለሰልፍ ወይም ለሌላ ዝግጅት የሚዘጋበት ቀን ብዙ ስለሆነ ሁለተኛ ቦታ ቀድማችሁ ምረጡ። እኛ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለውን መንገድ ይዘናል፤ ለስላሳ ዳገት ነው፣ ሲመለሱ ቁልቁለት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለእርምጃ በጣም ጠቅመዋል፤ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለ ሥጋት ይኬዳል። ጃንሜዳ አፈሩ ለጉልበት ይመቻል። እንጦጦ ደግሞ ቅዳሜ ጊዜ ላለው ነው፤ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑን ግን አስቡ፣ የመጀመሪያ ቀን ቦታ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" በሚደረግባቸው እሑዶችም አስፋልቱ ለእግረኛ ይለቀቃል፤ ልጅ ይዞ ለመውጣት ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።

ብቻዬን ይሻላል ወይስ ከሰው ጋር?

ለአብዛኛው ሰው ከሰው ጋር። የእኛ አገር ሰው እድርና እቁብ ያውቃል፤ ለራሱ ብሎ የማያደርገውን "ምን ይሉኛል" ብሎ ያደርጋል። ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ትልቅ ሀብት ነው። የእኛ ቡድን ሕግ አለው። ሳያሳውቅ የቀረ ቅዳሜ ለሁሉም ማኪያቶ ይጋብዛል፣ ቀድሞ ያሳወቀ ነፃ ነው። ለሰባት ሰው ማኪያቶ መክፈል ቀላል ስላልሆነ ቢያንስ ስልክ ይደወላል።

የሰዉ ብዛት አያሳስባችሁ፤ ሁለት ሰው ይበቃል። ዋናው አቅማችሁ መቀራረቡ ነው። በጣም የሚሮጥ ጓደኛ ይዞ የሚወጣ ጀማሪ በሦስተኛው ቀን ይቀራል። እኛ ጋ ሁላችንም አብረን እናሟሙቃለን፣ ከዚያ በየአቅማችን እንበታተናለን፣ 12:45 ላይ ሰውነት ለማፍታታት እንደገና እንሰበሰባለን። አባታችን ይራመዳሉ፣ ነርሷ ደረጃውን ትጨርሰዋለች፤ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ክብ ላይ ነን።

ጂም ልመዝገብ?

ከቤት ወይም ከሥራ በእግር የሚደረስ ከሆነ፣ አዎ። በወር በወር ክፈሉ። ቅናሽ አለው ብላችሁ የዓመት አትክፈሉ፤ ሦስት ወር ሳታቋርጡ ከሄዳችሁ በኋላ ያን ጊዜ አስቡት።

ሴት ነኝ። መንገድ ላይ ለከፋው ያስቸግረኛል፣ ምን ላድርግ?

ይህን የምትጠይቀኝ ብዙ ሴት ናት፣ የምትተወውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የለካፊው እንጂ የቱታሽ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም "ነጠላ ደርቢበት" የሚል ምክር ብቻ የሚሰጥ ሰው ጥፋቱን ወደ እሷ ያዞረዋል። በቡድናችን ያሉት ሴቶች የሚሉትን ላስተላልፍ። ከሁለት ባላነሰ መውጣት። ሙሉ በሙሉ ሳይነጋ ብቻን አለመሄድ፤ ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12:45 ገደማ ስለሆነ በዚያ ወቅት ሰዓቱን ማዘግየት። ሴቶች የሚበዙበትን ቦታ መምረጥ፤ ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ኤሮቢክስ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ እዚያ መሃል የሚለክፍ የለም። የጆሮ ማዳመጫ ከተደረገ አንዱን ጆሮ ክፍት መተው።

ወንዶች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ እኅቶቻችሁን ወይም የሥራ ባልደረቦቻችሁን እስከ አደባባዩ አድርሷቸው፤ ጓደኛችሁ ሲለክፍም ዝም አትበሉ።

ውሻ ቢያባርረኝስ?

አትሩጡ። ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደ ውሻው አዙሩ፣ ዓይኑን ሳታፈጡበት ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ውጡ። አብዛኛው የሰፈር ውሻ የሚሮጥን ያሯሩጣል፣ የቆመን ይተዋል። ከነከሰ ግን ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ግን ይከላከላል።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ነገር ይቆማል። ምን ይደረግ?

ሐምሌና ነሐሴ ከባድ ናቸው፤ የጀማሪ ልማድ የሚፈተነው እዚያ ነው። ግን አስተውሉ፣ የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። ጠዋቱ ደመና ይሆናል፣ ይበርዳል፣ ግን ይሮጣል። በእነዚያ ወራት የሚያድነው ደረቅ ቲሸርትና ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ይዞ መውጣት ነው። ላብ ነክቷችሁ ነፋስ ላይ ቆማችሁ ከማውራት ቶሎ ቀይራችሁ ልበሱ።

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጎህ ሲቀድም እንኳ ካልቆመ ደግሞ ሰዓቱን አትልቀቁ፣ ቦታውን ብቻ ቀይሩ። እኔ ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ አምስት ጊዜ እወጣና እወርዳለሁ፣ ከዚያ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ። ገመድ ዝላይ ለታች ቤት ሰው ራስ ምታት ስለሆነ በማለዳ ተዉት። 20 ደቂቃ ነው፤ ዋናው ነገር 12 ሰዓት ላይ ሰውነቴ ሥራውን አለመርሳቱ ነው።

በጾም ወቅት ስፖርት መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፣ መጠኑን ቀንሶ። ከእኛ መሃል ሁዳዴን 55ቱንም ቀን የሚጾሙ አሉ። እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምሱት በዚያ ወቅት ሩጫውን በእርምጃ ይቀይሩታል፤ አንዳንዶቹ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ 11 ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጡ ይሠራሉ። በረመዳን የሚጾመው ጓደኛችን ጠዋት አይመጣም፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ጠዋት ማላብ ስለሚጎዳ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት ቀለል አድርጎ ይራመዳል፣ ከዚያ በቴምርና በውሃ ያፈጥራል። ቅጣቱም በዚያ ወር አይመለከተውም።

ጡንቻ ሥጋ ካልተበላ አይጠነክርም የሚለውን አትስሙ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ ያሉበት የጾም ገበታ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይበቃል። በሶም አለ፣ በውሃ በጥብጦ በትንሽ ጨው ወይም ማር። የስኳር ሕመም ያለበት፣ መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ግን ጾምና ስፖርትን አንድ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ስግደት እንደ ስፖርት ይቆጠራል?

ስግደት ጸሎት ነው፤ ለቦርጭ ተብሎ አይሰገድም። ሆኖም በሰሙነ ሕማማት ሲሰግዱ የከረሙ እናቶች ጭናቸውና ወገባቸው ምን ያህል እንደሚሠራ እነሱው ያውቃሉ። ሰውነት የሠራውን አይረሳም።

ትንሽ ስሮጥ ትንፋሼ ይቆረጣል። ሳንባዬ ችግር አለበት?

ምናልባት ፍጥነቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። ከድሬዳዋ፣ ከሰመራ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቢከብደው አይገርምም። እዚህ ያደገም ቢሆን ከዜሮ ተነስቶ ከሮጠ ይከብደዋል። ሁለት ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሦስት ደቂቃ እርምጃ፣ እያፈራረቃችሁ አራት ዙር ሂዱ። በሁለት ወር ውስጥ የእርምጃው ጊዜ እያጠረ ይመጣል። ዝም ብላችሁ ስትቀመጡም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ሐኪም ጋ ታዩ።

ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ቦርጭ ያጠፋል?

አያጠፋም። ሚዛን ላይ የሚቀንሰው የፈሰሰው ውሃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጡ ይመለሳል። ሰውነት እንዳይቀዘቅዝ ማፈን ደግሞ ያዞራል፣ አንዳንዴም ይጥላል። ሲት አፕ ብቻውንም ቦርጭ አያወርድም፣ ሆድ ላይ ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ስብ ከአንድ ቦታ ተመርጦ አይነሳም። ቦርጭ የሚቀንሰው መላው ሰውነት ሲንቀሳቀስና ምግቡ፣ በተለይ ለስላሳው፣ ቢራውና ዘይቱ ልክ ሲይዝ ነው። ሚዛኑን በወር አንዴ ብቻ እዩት።

እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። አሁን ቢጀምሩ አይጎዱም?

እንዲያውም በጣም የሚጠቅመው ለእሳቸው ነው። ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች የሚመከረው በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቅንና ጥንካሬን የሚያሠራ ነገር እንዲጨመር ነው፤ ምክንያቱ መውደቅ ነው። በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራል።

ጎረቤታችን ያሉ እናት እንዴት እንደጀመሩ ልንገራችሁ። ጠዋት ቡና ሲቆሉ ልጃቸው አጠገባቸው ትቆማለች። ቡናው እየተቆላ ሳለ እሳቸው በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው በቀኝ እግር ብቻ ይቆማሉ፣ ልጃቸው እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ ከዚያ በግራ። ከበርጩማ እጅ ሳይደገፉ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥን ጨመሩበት። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የቻሉት። ልማዱ ከቡናው ጋር ስለታሰረ ማንም አያስታውሳቸውም፤ ምጣዱ ሲጣድ ግድግዳው አጠገብ ናቸው። "ዛሬ ቡና የለም ከተባለ እንኳ እግሬ ይነሳል" ብለውኛል።

ሐኪም ሳላይ መጀመር እችላለሁ?

በእርምጃ ለመጀመር አብዛኛው ጤነኛ ሰው ይችላል። የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ወይም ለብዙ ዓመት ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ሩጫ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይታይ። ስፖርት ላይ ደረት ከጨመቀ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ከአዞረ ወይም ልብ ሥርዓት አጥታ ከመታች ወዲያው ቁሙ። "ትንሽ ልጨርስ" አይባልም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?

ሰልባጅም ቢሆን ችግር የለውም። ሶሉን አጥፋችሁ ሞክሩት፤ መታጠፍ ያለበት በጣቶቹ በኩል ነው፣ መሃሉ ላይ እንደ ደብተር ከታጠፈ ተዉት። ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑረው።

ለታላቁ ሩጫ ብዬ ብጀምር ይረዳኛል?

ለመጀመር በጣም ይረዳል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቲሸርቱን ለብሶ ከዚያ ሕዝብ ጋር መሃል ከተማውን እየጨፈሩ መሮጥ የማይረሳ ነገር ነው። ያየሁት ችግር ግን ከሩጫው በኋላ ባለው ሰኞ ይመጣል። ግቡ አልቋል፣ ቲሸርቱ ታጥቧል፣ ማክሰኞ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ከመሮጣችሁ በፊት ከሩጫው በኋላ ላለው ሳምንት ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ አብሯችሁ የሮጠውንም ሰው ቅጠሩት።

ሦስት ወር አቋረጥኩ። አፍሬአለሁ፣ እንዴት ልመለስ?

ከሁሉም ጥያቄዎች ለዚህኛው ልቤ ይቀርባል። ሰው የሚያቋርጠው ሕይወት ስላለው ነው፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ልጅ ይታመማል፣ ፈተና ይመጣል፣ ሠርግ ይደገሳል። አንዲት የቡድናችን አባል እናቷን አስታምማ ቀብራ ከአምስት ወር በኋላ ነው የተመለሰችው። ደረጃው ሥር ቆማ "እንደ ድሮው አልችልም" አለች። አባታችን "ማን እንደ ድሮው አለሽ፣ ነይ ከእኔ ጋር ተራመጂ" አሏት። ያን ቀን 20 ደቂቃ ተራመዱ፣ ሲያልቅ ደረቅ ሻርፓቸውን አልብሰው ሸኟት። ሐሙስ መጣች።

በምትመለሱበት ቀን ካቆማችሁበት ግማሹን ብቻ ሥሩ፤ ቀላል ቢመስላችሁም ግማሹን። ያመለጠውን ለማካካስ በአንድ ሳምንት አምስት ቀን መውጣት እንደገና ያስቀራል። አንድ ቀን ሲዘለል ቀጣዩን አለመዝለል በቂ ሕግ ነው። ለጠፋ ጓደኛችሁም "የት ጠፋህ" ከማለት "ማክሰኞ እንገናኝ" በሉት።

ከእናንተ ጋር መምጣት ይቻላል?

ይቻላል። ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት፣ በእስጢፋኖስ በኩል ካለው ደረጃ ሥር። አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን። የምትቀይሩት ደረቅ ቲሸርት ያዙ፣ ጠዋት ላይ ይበርዳል።